ያነበበው ሐኪም ስም

የሦስት ወሩ ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ነው ዛሬ፤
ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ወንበሬ
እንደ ወትሮው ሲጢጥ ይላል። ከመስኮቱ ማዶ ፉልዳ
ካሰልን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አያሳስበው የማንም ዕዳ።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ልብ አላክምም፤
እኔ ያልጻፍኩት ልብ ግን፣ ቢድንም አልዳነም።

ሽቦ ላጣበቀ ይህን ያህል፣ ወረቀት ላወጣ ያን ያህል፤
ማንበብ ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ ንባብ ሲሆን ይከብዳል።
ጥቁር ክፈፍ ያለው ሳጥን አለ፦ «ያነበበው ሐኪም ስም»፤
እሱ ባዶ የቀረ እንደሆነ፣ ንባቡ አይታሰብም።

ያን ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዶክተር ቬንደሊን ለዓሣ
ኤደር ሐይቅ ወርዶ ነበር፤ ስልኩን መኪናው ውስጥ ረሳ።
ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ጡረተኛው የትራም ነጂ
ሆልገር ብሩንስ ገባ፦ «ጨጓራዬ ነው፤ እባክሽ አንድ ነገር አርጂ»
አላት ስንዱን።

ስንዱ፣ መቱ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ጤና መኮንን የነበረች፣
መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በስልኳ ብርሃን ልብ ያነበበች፤
እዚህ «ረዳት» የሚል ባጅ ደረቷ ላይ ለጥፈውላት፣
ማንበብን ከለከሏት፤ ማየትን ግን ማን ይከልክላት?

ዐሥሩን ሽቦ አጣበቀች።
ሮዙ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ መጣ።
መስመሩ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ሦስተኛውም ላይ፣ ሽቅብ ወጣ፤
ወጥቶም አልወርድም አለ፣
መውረጃውን እንቅልፍ እንዳሳለፈው ተሳፋሪ።

ልብ ብላ አየችው።
ሰውየውን አላስደነገጠችውም፤
«የትኛውን መስመር ነበር የሚነዱት?» እያለች አስፕሪን አስቃመችው።
«አራት ቁጥርን» አላት፣ ላቡን በክርኑ እየጠረገ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት።»
እሷ በግራ እጇ ደወለች፦ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት።
(ይህም ቁጥር ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን የለም።)
ከወረቀቱ ጥግ በእርሳስ ጻፈች፦ ሰዓቱን፣ ያየችውን። ስሟን አልጻፈችም።

አምቡላንሱ በሰባት ደቂቃ ደረሰ። ከሆስፒታሉ ማታ
ስልክ መጣ፦ የተዘጋው ደም ሥር ተከፍቶ፣ ሰውየው ተኝቷል በእፎይታ።

ሰኞ ዶክተር መጣ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፤
ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ፣ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ።
«ትክክል ነው» አለ። ወዲያው ወደ እኔ፦ «ስሜን አስገቢ፤
ቀኑን ሐሙስ በዪው፤ ለሁሉም ነገር አትሁኚ አሳቢ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ግን ፎቶው፣ እዚሁ ግድግዳችን ላይ
ተሰቅሏል፤ ዓሣውን ታቅፎ፤ ሰዓቱም ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ።

ስንዱ ሽቦዎቹን ትወለውላለች።
«ሽቦው ተከፍሎታል?» አለችኝ።
«ተከፍሎታል።»
«እንግዲያ ያነበበው እሱ ይሆናል።»
ሳቀች። ሳቋ ደጃፉ ድረስ አልሄደም።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ።
ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ጻፍኩ፦ ስንዱ ጋረደው።
ማሽኑ ቀላ፤ «ያነበበው ሰው ሐኪም አይደለም» አለ፣
«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ።»
አልሰረዝኩትም። እንዲያው ቀዩን ላክሁት፣
ሒሳብ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደብዳቤ ይጻፍልኝ እስቲ፣ አነባለሁ፤
ደብዳቤ ማንበብ ለኔ ተፈቅዶልኛል።

በወሩ ብሩንስ መጣ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጠብቆ፣
የፕለም ማርማላታ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከብብቱ ሸጉጦ።
«ዕዳዬ ስንት ነው?» አለኝ።
ሠንጠረዡን ገለበጥኩ። «ለሽቦው ተከፍሏል» አልኩት።
ስለ ንባቡ ምን ልበለው?
ደንቡ ገና ልብ አልገዛም።

ከታች አንድ ትራም ሲታጠፍ ጮኸ።
ብሩንስ ወደ መስኮቱ አልዞረም፤ ማርማላታውን እያስቀመጠ፣
«አራት ቁጥር» አለ፣ «የፊት ብሬኩ ሊያልቅ ነው።
ይደወልላቸው።»
ደወልኩላቸው።
ማን እንዳለ አልጠየቁኝም።